ጥሩንባ እስከሚሰማበት ድረስ፦ ዕድር፣ ቀበሌና ወረዳ በቂርቆስና በካዛንቺስ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። የምናገረው በአንድ ሰፈር ሰዎች ለምን እንደሚሰበሰቡ፣ ማን እንደሚጠራቸው፣ ተሰብስበው የሚወስኑትም ነገር ከመንግሥት አስተዳደር ጋር በምን እንደሚገናኝ ነው። ሰፈሩ ካዛንቺስ፣ ክፍለ ከተማው ቂርቆስ ነው። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ አንድ ሰፈር ሲነሣ ከቤቱ ሌላ ምን አብሮ ይነሣል? ከዚህስ ውስጥ የሚቆጠረው የትኛው ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በአዲስ አበባ የታችኛው የአስተዳደር እርከን ላለፉት 50 ዓመታት ብቻውን የቆመ አልነበረም፤ ዕድር ከጎኑ ነበረ። አስተዳደሩ ቤት ሲቆጥር ዕድሩ ሰው ይቆጥር ነበር። ነዋሪው በቤት ቁጥር ብቻ ተመዝግቦ ሲነሣ፣ ለቤቱ ምትክ ይፈለጋል፤ በዕድሩ መዝገብ ላይ ለነበረው ግን ምትክ የሚፈልግለት የለም። ይህን በሦስት ደረጃ ላስረዳ፤ መጀመሪያ የቦታውን ታሪክ፣ ቀጥሎ የሁለቱን ተቋማት አሠራር፣ በመጨረሻም የመነሣቱን ጉዳይ።

ቦታው

የካዛንቺስ ስም የመጣው ከኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የኢጣሊያ ተቋም በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ የተቋሙ ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ነዋሪው ስሙን በራሱ አንደበት ገርቶ «ካዛንቺስ» አለው። ከነጻነት በኋላ በዙሪያው ታላላቅ ሕንፃዎች ተነሡ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ከአዳራሹ አጥር ወጣ ብሎ ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ግቢ በርካታ ቤተሰብ ይይዛል፤ ውኃ ቧንቧውና መጸዳጃው የጋራ ነው።

ስሙን ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የወሰደው ክፍለ ከተማም እንዲሁ ሁለት ገጽታ አለው። መስቀል አደባባይ፣ ስታዲየሙና የለገሃር የባቡር ጣቢያ በዚሁ ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ከ220 ሺሕ በላይ ነበር። መስከረም 16 ቀን የደመራው በዓል ሲከበር የመላው አገር ዓይን ወደ አደባባዩ ይዞራል፤ በኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ ከዚያው ይነሣል። እነዚህ በአዋጅና በቴሌቪዥን የሚነገርላቸው ጉባኤዎች ናቸው። በዚያው ሳምንት፣ ከአደባባዩ ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ፣ በአንድ መንደር መተላለፊያ ላይ ድንኳን ይተከላል። እርሱም ጉባኤ ነው፤ ነገር ግን ማንም አይዘግበውም። የዛሬ ትኩረቴ በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ቀበሌ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አጋጣሚ ሆኖ ዕለቱ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ መታሰቢያ በዓል ነበር፤ የቂርቆስ ሰፈር ሰው በዓሉን አክብሮ ሲመለስ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሕግ ተለውጦ ጠበቀው። በዚሁ አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እንዲቋቋሙ ተደነገገ፤ ሕዝቡም «ቀበሌ» ብሎ ጠራቸው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዛቸው። የካዛንቺስ አብዛኛው ጭቃ ቤት በመጀመሪያው ወገን ወደቀ።

ቀበሌው ኪራይ ሰብሳቢ፣ መታወቂያ ሰጪ፣ የኅብረት ሱቅ ባለቤት፣ በፍርድ ሸንጎውም ዳኛ ሆነ። በቀይ ሽብር ዓመታት ደግሞ የእስርና የግድያ መሣሪያ ሆኖ እንዳገለገለ አንዘነጋም። ስለዚህ ቀበሌ ለነዋሪው ቅርብ ነበር ስንል ቅርበቱ ሁልጊዜ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም። ለጠቃሚ ነገርም ለአስፈሪ ነገርም ቅርብ ነበር። የቀበሌው አሠራር መነሻ ግን ሁልጊዜ ቤት ነው። ሰው በቀበሌው መዝገብ የሚታወቀው በቤት ቁጥር ነው፤ መታወቂያ የሚያወጣው፣ ራሽን የወሰደው፣ ለስብሰባ የተጠራው በዚያው ቁጥር ነው። ኪራዩ ለረጅም ዘመን ሳይለወጥ በመቆየቱ ለጥገና የሚሆን ገቢ አልተገኘም፤ ቤቱ እያረጀ፣ በውስጡ የሚኖረው ቤተሰብ እየበዛ ሄደ።

ዕድር

ዕድር ከቀበሌ ይቀድማል። አጥኚዎች አጀማመሩን ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት፣ በተለይም ወደ ከተማ ከፈለሱት የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የራስ አገዝ ማኅበራት ባሳተሙት ጽሑፍ ጉዳዩን ለጥናት አብቅተውታል።

አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም እንደ ተቋም አንድ ጊዜ እንመልከተው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለው። አባል በየወሩ ይከፍላል፤ በቀብር ያልተገኘ፣ በስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ደንቡ ለማን ሞት ምን ያህል እንደሚከፈል ይለያል፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ የሚሰጠው የተለያየ ነው። የጋራ ንብረትም አለው፦ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሣህንና ብርጭቆ፣ ይህን ሁሉ የሚያኖርበት አንዲት ክፍል። ሴቶች ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዕድር ስላላቸው እንጀራውና ንፍሮው በእነርሱ እጅ ያልፋል።

የዕድርን ወሰን የሚያሰምረው ካርታ አይደለም። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል፤ ጥሩንባው የሚሰማበት፣ አባሉም ድምፁን ሰምቶ በእግሩ የሚደርስበት ርቀት ነው ወሰኑ። ይህ ውሳኔ ከስሌት የመጣ ነው። ሐዘንተኛው ለሦስት ቀናት ሰው ያስፈልገዋል፤ የቀበሌ ቤቱ ደግሞ አሥር ሰው አይችልም። ስለዚህ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል፤ ለቀስተኛውም ማታ ገብቶ የሚያድርበት ቤቱ ቅርብ መሆን አለበት። ዕድር ያለ ቅርበት አይሠራም።

በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ለ30 ዓመት በዕድር የቆየች አንዲት እናት እናስብ። በየወሩ ከፍላለች፤ ከዚህም በላይ ሄዳለች። በመቶ በሚቆጠሩ ቀብሮች ላይ ቆማለች፤ እንጀራ ጋግራለች፤ ከሐዘንተኛ ጋር አድራለች። በእነዚህ ዓመታት ያከማቸችው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ያከማቸችው ብድር ግን ብዙ ነው። ብድሩን ሊመልሱላት የሚገባቸው ሰዎች በስም ይታወቃሉ፤ የሚከፈለውም በእርሷ ለቅሶ ቀን ነው። እነዚያ ሰዎች በአምስት የተለያዩ መንደሮች ቢበተኑ ብድሩ አልተሰረዘም፤ የሚከፍለው ግን አይገኝም። ወደ አዲስ ዕድር ልግባ ብትልም አዲሱ ዕድር የንብረቱን ድርሻ ያገናዘበ የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃታል፤ ሥራ የመሥራት አቅሟ በደከመበት ዕድሜ ከዜሮ ትጀምራለች ማለት ነው።

ዕድርን ያለ እንከን አድርጌ ማቅረብ አልሻም። ወርኃዊውን መክፈል ያልቻለ ይሰረዛል። በደባልነት የሚኖር ሰው አባል ለመሆን ይቸገራል። የወንዶቹ ዕድር ሴትን ብዙ ጊዜ የምትታወቀው በባሏ ስም እንድትሆን ያደርጋል። ይሁን እንጂ ጉድለቱን የሚያርመው ራሱ ጉባኤው ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በኤችአይቪ ምክንያት የሚሞተው ሰው ሲበዛ፣ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር በፊት በሽተኛውን፣ ከቀብርም በኋላ ወላጅ አልባውን ልጅ መርዳት ጀምረዋል። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ብቻ ይህን አያደርግም፤ በእሑድ ጉባኤ ላይ እጅ ወጥቶ የተወሰነ ነው።

ሁለቱ ሲደጋገፉ

ቀበሌ የሰፈሩን ጽዳት፣ የሌሊት ጥበቃውን፣ ክትባቱን፣ ለመንገድና ለትምህርት ቤት የሚዋጣውን ገንዘብ ለማስፈጸም ሲፈልግ ሰውን የሚያገኘው በዕድር ሰብሳቢዎች በኩል ነበር። ዕድሩም በበኩሉ ለድንኳን መትከያ መንገድ ለመዝጋት፣ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ አንዳንዴም ለዕቃ ቤቱ ቦታ የቀበሌውን ፈቃድ ይሻ ነበር። ዝምድናው የእኩልነት አልነበረም። አባላት «ዕድራችንን ፖለቲካ እንዳይገባበት» ሲሉ የሚሰማው ስጋት ከተሞክሮ የመጣ ነው። ቢሆንም ነዋሪው ሁለቱን መድረኮች ለይቶ ያውቃል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲጠሩት ይሄዳል፤ በዕድር ጉባኤ ላይ ግን ሒሳብ ይጠይቃል። የገንዘብ ያዡ መዝገብ ሲነበብ አንድ ብር ብትጎድል እጅ ይነሣል። ሪፖርት ማድመጥ፣ ኦዲተር መምረጥ፣ ሰብሳቢን ከሥልጣን ማውረድ ብዙ ሰው በተግባር የተማረው እዚህ ነው።

ከመንግሥት በኩል ያለው እርከን ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ከነዋሪው እየራቀ ሄዷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከተማዋን በ10 ክፍለ ከተሞች አደራጀ፤ ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ሆኖ ተጨመረ። የቀድሞዎቹ ትናንሽ ቀበሌዎች ተዋሐዱ፤ በኋላም «ቀበሌ» የሚለው እርከን በ«ወረዳ» ተተካ። ሕዝቡ ዛሬም ወደ ወረዳ ሲሄድ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላል፤ የሚደርስበት ጽሕፈት ቤት ግን ከቀድሞው እጅግ ሰፊ አካባቢ ያስተዳድራል።

ውክልናውስ? በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን ግን አልተረከበም፤ ከተማዋን ባላደራ አስተዳደር መራት። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. እና በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫዎች ተካሄዱ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ ድምፅ የሰጠው ለፌዴራሉ ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ለወረዳ ምክር ቤት የቀረበ የድምፅ መስጫ ወረቀት በዕለቱ አልነበረም። እንግዲህ ለነዋሪው ቅርብ በሆነው እርከን ላይ የምርጫው ጉዳይ ሲቆም፣ በሰፈር ደረጃ በየጊዜው መሪውን እየመረጠ የቀጠለው ዕድር ብቻ ሆነ ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህ ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ከብዙ መጽሐፍ የሚልቅ ርእስ ነው።

መነሣት

ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት የተነካው አሁን ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽም ከአካባቢ ልማት ዕቅድ ቀዳሚ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ተነሣ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛወሩ። ለአዝማሪ ጥበብ መሰብሰቢያ የነበረው ፈንዲቃ የባህል ማዕከልም በዚሁ ወቅት ከቆየበት ቦታ ለቀቀ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የተነሣው ቤት ምን ዓይነት እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ጣራው ያፈስስ ነበር፤ መጸዳጃው በክረምት ይሞላ ነበር፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ቧንቧ በቤቱ ውስጥ በማግኘቱ የተደሰተን ሰው «በጭቃ ቤትህ መቅረት ነበረብህ» ሊለው የሚደፍር ማን ነው? ስለዚህ ክርክሬ በመሻሻሉ ላይ አይደለም፤ በአነሣሡ ሥርዓት ላይ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከመሬት ይዞታው ለሚነሣ ሰው ከንብረት ካሳው ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሳ ደንግጓል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ትስስር ዋጋ እንዳለው ሕጉ አመነ። ሆኖም ሁለት ክፍተት ይታየኛል። አንደኛ፣ ድንጋጌው የተቀረጸው ለባለ ይዞታ ነው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ባለ ይዞታ አይደለም፤ ለእርሱ የሚቀርበው ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለተኛ፣ ካሳው ለግለሰብ ነው። ትስስር ግን በባሕርዩ የጋራ ነው፤ ለአንድ ሰው ተቆርጦ የሚሰጥ ድርሻ የለውም። ያቺ እናት ገንዘቡን ብትቀበል እንኳ ከማን ለቅሶ ደራሽ ትገዛለች?

ሦስተኛ ነጥብም ልጨምር። ዕድር በሕግ ዓይን ጎልቶ አይታይም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅም፣ በ2011 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 1113ም፣ ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነታቸው ወሰን ውጭ አድርገዋል። ይህ ከቁጥጥር ስለሚያድናቸው በጎ ጎን አለው፤ ነገር ግን ሰፈር ሲነሣ «እዚህ ስንት ዕድር አለ? ንብረቱስ የት ይሂድ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ የሚጣልበት ጽሕፈት ቤት እንዳይኖር አድርጓል። የዕድር ዕቃ ቤት ብዙ ጊዜ የይዞታ ማረጋገጫ ስለሌለውም በቤት ቆጠራው ላይ አይገባም።

ዕጣና ጎረቤት

የሌላ አገር ልምድ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. በጃፓን ኮቤ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጊዜያዊ መጠለያ ለማደል አስተዳደሩ ዕጣ አወጣ፤ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞችም ቅድሚያ ሰጠ። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነበር። ውጤቱ ግን አረጋውያኑ ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው፣ ከማያውቋቸው ጋር መስፈራቸው ሆነ፤ አንዳንዶቹም ሳይታወቅላቸው በየክፍላቸው ብቻቸውን ሞቱ። ከዚያ በመማር፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በኒጋታ በደረሰው መንቀጥቀጥ የያማኮሺ መንደር ሰዎች በየመንደራቸው ተቧድነው በአንድነት እንዲሰፍሩ ተደረገ።

እኛም የኮንዶሚኒየም ቤትን የምናድለው በዕጣ ነው። ዕጣ ከአድልዎ ይጠብቃል፤ ማንም በዘመድ እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ ለዚህ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን ዕጣ ጎረቤትን አያውቅም። በአንድ መንደር መስፈርም በራሱ በቂ አይደለም። ከአንድ ሰፈር የተነሡ ሰዎች በአንድ አዲስ መንደር ቢሰፍሩ በከፊል መፍትሔ ነው፤ የአንድ ዕድር አባላት በተለያዩ ብሎኮችና ፎቆች ላይ ሲበተኑ ግን ከማን ጋር አብረው እንደሚቀብሩ እንደገና መደራደር አለባቸው። መሐንዲሱ «ሰፈር» የሚለውና ጥሩንባ ነፊው «ሰፈር» የሚለው አንድ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ሐሳቤን በአራት ነጥብ ልቋጭ። አንደኛ፣ ለመነሣት በተወሰነ ቦታ ላይ የቤት ቆጠራ ሲካሄድ የዕድር ቆጠራ አብሮ ይካሄድ፤ ስም፣ የአባላት ብዛት፣ የጋራ ንብረት ይመዝገብ። ይህ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ፣ ወጪው አነስተኛ የሆነ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ዕጣው ይቅር አልልም፤ የዕጣው መደብ ይለወጥ። አብሮ መስፈር የሚፈልጉ አባላት በዕድራቸው ተመዝግበው ለአንድ ብሎክ በጋራ ዕጣ ያውጡ፤ መለየት የሚፈልግም በግሉ ያውጣ። ሦስተኛ፣ በኮንዶሚኒየም መንደሮች የሚሠራው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ለዕድር ድንኳንና ዕቃ የሚሆን ቦታ እንዲኖረው በዕቅዱ ይካተት። አራተኛ፣ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ይካሄድ። ዕድር ሐዘንን ይሸከማል እንጂ በምክር ቤት ተቀምጦ ለነዋሪው አይከራከርም፤ ያንን ሸክም በእርሱ ላይ ማኖር ልክ አይደለም።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የዕድር መዝገቦች፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ጉባኤው ስለ ምን እንደተከራከረ የያዙ ደብተሮች፣ የዚህች ከተማ ማኅበራዊ ታሪክ ናቸው። ቤት ሲነሣ በካርቶን ተጥለው ይጠፋሉ። በአባላቱ ፈቃድ፣ የግል ምሥጢራቸውን ጠብቃችሁ፣ ፎቶ እያነሣችሁ ለቤተ መጻሕፍት ብታስቀምጡ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በላይ ሠርታችኋል።

ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ፦ «ዛሬ ለቅሶ የሚነገረው በስልክና በቴሌግራም ነው። ኢንሹራንስም አለ። ወጣቱ ያለ ዕድር መኖር የሚችል አይመስልዎትም?»

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ መልእክቱ ዛሬ ከጥሩንባ ይልቅ በፍጥነት፣ ሩቅም ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የተበተኑ አባላት የቀድሞ ዕድራቸውን ሳይለቁ የሚቀጥሉበት ሁኔታ አለ፤ ይህም የሚያስደስት ነው። ነገር ግን መልእክቱ ደረሰ ማለት ሰውየው ደረሰ ማለት አይደለም። ሁለትና ሦስት ታክሲ ይዞ የሚመጣ አባል ለቀብሩ ይደርስ ይሆናል፤ ከሐዘንተኛው ጋር ሦስት ሌሊት አያድርም። ኢንሹራንስም ገንዘብ ይከፍላል፤ ድንኳን አይተክልም። ወጣቱ ለራሱ ሌላ ዓይነት ማኅበር ሊፈጥር ይችላል፤ ይፈጥራልም ብዬ አምናለሁ። አዲሱ እስኪበስል ድረስ ግን በአሮጌው ላይ ዕድሜውን ያኖረ ሰው አለ። የተናገርኩት ስለ እርሱ ነው።